የቆርቆሮ ቤት ሌሊት ለምን ይበርዳል?

እንቆቅልሽ!

ምን አውቅልህ?

እሳት አታነድም። ብርድ ልብስ የላትም። ቤቷ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ዝናብና ነፋስ ይመታዋል። እሷ ግን ልጆቿን ስታሞቅ ታድራለች። ማን ናት?

አላወቁም? እንግዲያውስ አገር ይስጡን። ቴፒን ሰጡን እንበል። ቴፒ ገብተን ምን አጥተን፤ ቡናው ሞልቶ፣ ሙዙ ሞልቶ! መልሱ ንብ ነው።

በሸካ፣ በካፋና በቤንች ጫካ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። ንብ እጮቿን የምታሳድግበት የቀፎው መሐል ሌትና ቀን ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ይህ ከሰው ገላ ሙቀት የሚያንሰው በጥቂት ብቻ ነው። ንቦቹ ሙቀቱን የሚያመጡት ሳይበሩ የክንፋቸውን ጡንቻ በማንቀጥቀጥ ነው። ነገር ግን ሥራቸው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የሰበሰቡት ማር ሁሉ ለማሞቂያ ባለቀ ነበር። ስለዚህ ሌላም ይሠራሉ። ተጠጋግተው ያድራሉ። የቀፎውን ስንጥቅ ሁሉ ከዛፍ በሚያመጡት ሙጫ ይደፍናሉ። ባለቀፎውም በበኩሉ ቀፎውን በሣር ወይም በቅጠል ጠቅልሎ ይሰቅልላቸዋል። ክፍት የምትቀረው መግቢያዋ ቀዳዳ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሙቀት ማምጣት አንድ ሥራ ነው። የመጣውን ሙቀት ይዞ ማቆየት ሌላ ሥራ ነው። እኛ በየቤታችን የመጀመሪያውን እንሠራለን። ማገዶ እንፈልጣለን፣ እሳት እናነዳለን። ሁለተኛውን ግን እንረሳዋለን። በተለይ የሣሩን ክዳን አውርደን ቆርቆሮ ካለበስን ወዲህ።

የቡናው ብርና አዲሱ ቤት

እንዲህ ያለ ቤተሰብ በአካባቢዎ አይጠፋም። ከሚዛን ተፈሪ ዳገቱን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ካሉት መንደሮች በአንዱ ይኖራል እንበል። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ ተሸጠ። አባወራው የአባቱን የሣር ቤት ትቶ አዲስ ቤት ሠራ፤ ቆርቆሮ አለበሰው። ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" አለው። ጥር ገባ። ሰማዩ ጠራ። እናቱ አዲሱን ቤት ሊያዩ መጥተው አደሩ። ሌሊት ምራታቸው ነቅታ ብታይ፣ አሮጊቷ ኩርምት ብለው ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ እሳቱን ልጨምርልዎ?" አለቻቸው።

"እሳቱማ አለ ልጄ። ሙቀቱ ነው የማይቀመጠው። ኧረ የድሮው ቤት ይሻለኝ ነበር!"

ጠዋት ደግሞ የአሮጊቷ ጋቢ ረጥቦ ተገኘ። ሌሊቱን ዝናብ አልዘነበም። ቆርቆሮውም አዲስ ነው፤ አንድ ቀዳዳ የለውም። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እናንሣ። ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲወራ የሚነሣው ደኑና ሙቀቱ ነው። ብርዱን የሚያውቀው እዚያ ያደረ ሰው ነው። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዛሬ ከአማን ጋር ሚዛን አማን ተብላ አንድ ከተማ የሆነችው ሚዛን ተፈሪ 1450 ሜትር ገደማ ናት። ማሻ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቴፒ ላይ አንሶላ የሚበቃው ሰው፣ ማሻ ላይ ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ላይ ዝናቡ አለ። አካባቢው በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ላይ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ብርዱ እርጥብ ብርድ ነው። እርጥብ ልብስ፣ እርጥብ ግድግዳ፣ እርጥብ ማገዶ። ደረቅ ብርድ የለመደ ደገኛ እንኳ መጥቶ ይቸገርበታል።

ጤዛን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ያውቃል

ቡናዎን በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያሰጡ፣ ማታ ማታ ለምን ይሸፍኑታል? ጤዛ እንዳይወርድበት ነዋ! ደግሞስ ሜዳው በጤዛ ሲረጥብ፣ ከትልቁ የጥላ ዛፍ ሥር ያለው ሣር ለምን ደረቅ ሆኖ ያድራል?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀን ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች። ሌሊት ምድር ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሳ ትለቃለች። ደመና ካለ ደመናው ጥቂቱን ይመልስልናል። ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ሄደ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ ከአየሩም ብሶ ይቀዘቅዛል። አየሩ ውስጥ ያለው የማይታይ እንፋሎት የቀዘቀዘውን ነገር ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ጤዛ ማለት ይኸው ነው። ከዛፍ ሥር ያለው ሣር ግን ከላዩ ቅጠል አለለት። ሙቀቱ ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ቅጠሉ ከልክሎለታል።

አሁን ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። ቆርቆሮ ሜዳ ላይ እንደተሰጣ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፊቱን ለጠራው ሰማይ ሰጥቶ ያድራል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ብረት ደግሞ ሙቀትን በማሳለፍ ከደረቅ ሣር በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። የእሳትዎ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮውን ይነካል፣ በዚያው ያልፋል። የቤተሰቡ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ደግሞ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ያልበዋል፤ ከዚያም ጠብ ጠብ ይላል። የአሮጊቷን ጋቢ ያረጠበው ይህ ነው። ቤቱ ውስጥ ጤዛ ወርዶ ነው ያደረው።

የሣር ክዳንስ? የሣር ክዳን ውፍረቱ ስንዝርና ከዚያም በላይ ነው። በሣሩና በሣሩ መካከል ደግሞ ብዙ ትንንሽ ባዶ ቦታ አለ። ባዶ መሰለን እንጂ አየር ነው። ያ አየር ወዲያ ወዲህ የሚልበት መንገድ ስለሌለው ቆሞ ይቀራል። ቆሞ የቀረ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ጋቢ የሚሞቀው በዚህ ነው። የበግ ፀጉር የሚሞቀው በዚህ ነው። ጥጡና ፀጉሩ ራሳቸው ሙቀት የላቸውም፤ አየሩን አስረው ነው የሚይዙት። እንግዲህ አባወራው ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ ቤቱን ጋቢውን ገፎ ሸሚዝ አለበሰው ማለት ነው።

ታዲያ ቆርቆሮ አይግዙ እያልን ነውን? አይደለም። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። ሣሩም እንደ ድሮው በቅርብ አይገኝም። እሳት ሲነሣ መንደር ይጨርሳል። ከቆርቆሮ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ደግሞ በበርሜል ይጠራቀማል። ቆርቆሮ ከተፈለሰፈ ቆይቷል፤ ለንደን ላይ በ1829 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ወደ አገራችንም በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን አልብሷል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ አንድ ነገር ተማረ። ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዲ ወይም ኬሻ ወጥሮ ኮርኒስ አበጀ። አንዳንዱ ለውበት ይመስለዋል። እኛ ወደ ገጠር ቆርቆሮውን አመጣነው፤ ኮርኒሱን ግን እዚያው ትተነው መጣን።

ብርድ የበዛበት አገር ሰው ምን አደረገ?

ከአርባ ምንጭ በላይ ጨንቻ አለች፤ ከፍታዋ 2700 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይሠሩታል። ከዚያም በቀርከሃ ልባስና ቅጠል ደራርበው ያለብሱታል። ቤቱ ረጅም ነው፤ መስኮት የለውም፤ በሩም ጠባብ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ሰው ተሰብስቦ ያነሣውና ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ይህ ብልሃት ለእኛ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም ማሻና አንድራቻ የደጋ ቀርከሃ ሞልቷል። በሸካ በቀርከሃ ቤት መሥራት የቆየ ሙያ ነው።

የትግራይ ሰው ደግሞ ሌላ መላ አለው። ሕድሞ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጣሪያው አፈር ነው። ድንጋዩና አፈሩ ቀን የፀሐዩን ሙቀት ጠጥተው ሌሊት ቀስ እያሉ ይመልሱታል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወዶም ተገዶም ከወሎና ከትግራይ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ካፋና ወደ ጋምቤላ የመጣው ሰፋሪ ይህን የአገሩን ቤት ትቶ ነው የመጣው። እዚህ ሲደርስ ያገኘው እንጨት፣ ቀርከሃና ሣር ነው። ድንጋይ ሙቀት ያጠራቅማል፤ ሣርና ቀርከሃ ግን ሙቀት ይከለክላሉ። ሁለቱ መላ የተለያየ ነው። ፀሐይ በደመና በምትሸፈንበት፣ ዝናብ በማያባራበት በዚህ አገር የሚያዋጣው መከልከሉ ነው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር?

ከገንዘቡ አንጀምርም። ገንዘብ ከማይፈልገው እንጀምራለን።

ዛሬ ማታ የሚጨስ እንጨት ይያዙና በመኝታው ክፍል ግድግዳ ጥግ ጥጉን ቀስ ብለው ይዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ነፋስ የለም። ጭሱ ወደ ጎን ከተጎተተ እዚያ ቀዳዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቀዳዳ የግድግዳው ጫፍና ጣሪያው የሚገናኙበት ነው። ክንድ የሚያስገባ ክፍተት እዚያ ሲኖር ብዙዎቻችን እንደ ቀዳዳ አንቆጥረውም። በርና መስኮት እንዘጋለን፤ እሱ ግን ከነጭራሹ ክፍት ያድራል።

ይህ ክፍተት ለቴፒ፣ ለበበቃና ለሚዛን ቆላ ነዋሪ ሌላም ጉዳት አለው። የወባ ትንኝ ወደ ቤት ከምትገባባቸው መንገዶች ዋናው ይኸው የግድግዳና የጣሪያ መገናኛ ነው። ጋምቢያ በምትባለው የምዕራብ አፍሪካ አገር የተደረገና ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ቤታቸው በወንፊት የተከለለላቸው ወይም የወንፊት ኮርኒስ የተደረገላቸው ቤተሰቦች ቤት የሚገቡት የወባ ትንኞች ቀንሰዋል። የልጆቹም የደም ማነስ ቀንሷል። አጎበር ግን አይቀርም፤ ኮርኒስ አጎበርን አይተካም።

ክፍተቱን በምን እንዝጋው? በቀርከሃ ፍልጥ ይጠሩበት፤ በጭቃ ይምረጉት። ምርጉ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ሁለተኛ በእበትና በቀጭን ጭቃ ይለቅልቁት። ጭቃውን ከጭድ ወይም ከተከተፈ ሣር ጋር አቡክተው ለጥቂት ቀን ቢያሳድሩት የበለጠ ይያያዛል። ከወዲያና ከወዲህ ትይዩ ሆነው እጅ የሚያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች ይተዉ፤ በሽቦ ወንፊት ይሸፍኗቸው። ቤቱ መተንፈስ አለበት። ንቧም መግቢያዋን አልደፈነችም።

ኮርኒሱ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ መጣን። ከቆርቆሮው ሥር፣ በግድግዳው ጫፍ ልክ፣ ሁለተኛ ጣሪያ እንሠራለን። በሁለቱ መካከል ያለው አየር ቆሞ ይቀራል። ሣሩ ይሠራ የነበረውን ሥራ ይሠራልናል።

ስሌቱን እንሥራ። ልጆችዎን ይጥሩና አብረው ይሥሩት። መኝታ ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይሁን። 4 ሲባዛ በ4፣ 16 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንዱ የቀርከሃ ምንጣፍ 1 ሜትር በ2 ሜትር ቢሆን፣ 2 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 16 ሲካፈል ለ2፣ 8 ምንጣፍ ነው። ጠርዙ ከጠርዙ ላይ መደራረብ ስላለበት 10 ያዘጋጁ። ቤቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ሰው የሚተኛበት ክፍል ብቻ ይበቃል። ትንሽ ክፍል ማሞቅ ይቀላል፤ ጎተራና ዕቃ ቤት ቢበርዳቸው ግድ የለም።

ቀርከሃው ለጋ መሆን የለበትም። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ በበጋ ይቁረጡ። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝም ቶሎ ይበላዋል። ነቀዙ የሚፈልገው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ነገር ነው። ስለዚህ ከመፍለጥ በፊት ወራጅ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ዘፍዝፈው በጥላ ቢያደርቁት ዕድሜው ይረዝማል። የድሮ ቤት ቀርከሃና ወራጅ የማይነቅዘው ጭስ ስለሚመታው ነበር። ለእንጨቱ መድኃኒት፣ ለሰው ግን በሽታ! ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

ምንጣፉን በወራጅ ወይም በጠርብ ላይ ዘርግተው በሚስማር ወይም በልጥ ያስሩ። ከሥሩ በቀጭኑ በጭቃና በእበት ቢለቀልቁት ነፋስ አያስገባም፤ እሳትም ቶሎ አይበላውም። ከላዩ ደረቅ ሣር ስንዝር ያህል ቢያነጥፉ የበለጠ ይሞቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ጣጣ አለ። አንደኛው አይጥ ነው፤ ሣር ያለበት ኮርኒስ ለአይጥ አዲስ መንደር ነው። ድመት ያስፈልግዎታል። ሁለተኛው እሳት ነው። ከምድጃ በላይ ሣር ያለበት ኮርኒስ ፈጽሞ አያድርጉ። የቡና ገለባም የሚጠቀም አለ። በደንብ የደረቀ ከሆነ ሙቀት ይይዛል፤ እሳትን ግን እንደ ሣሩ ይፈራል። እርጥቡ የቡና ልጣጭ ግን ይሸታል፣ ይበሰብሳል፣ ለኮርኒስ አይሆንም።

ቀርከሃ የሌለበት አካባቢስ? ኬሻ ይወጠራል። የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ ይሰፋል። ከረጢቱ ግን የተባይ ማጥፊያ መርዝ የነበረበት መሆን የለበትም፤ ታጥቦም ቢሆን። ላስቲክና ከረጢት እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ከምድጃና ከኩራዝ ይራቅ። ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ መለጠፍም የቆየ ልማድ ነው። ይህንንም ጋዜጣ አንብበው፣ ለጎረቤት አስነብበው ሲጨርሱ ቢለጥፉት አንቀየምም። ስንጥቁን ይደፍናል፤ ልጆቹም ተኝተው ፊደል ይቆጥሩበታል።

ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮው ማላቡን አይተውም። ስለዚህ የተተዉት ቀዳዳዎች እንፋሎቱን እንዲያወጡት አይዝጓቸው። ደግሞ ኮርኒሱ ለቆላም ነው። ቀን ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል፣ ግለቱ ወደ ታች ወደ ሰው ይወርዳል። ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ የማያስወጣው ኮርኒስ፣ ቀን ግለቱን ወደ ታች አያስወርድም። ማሻ ላይ ለብርድ የሠሩት፣ ቴፒ ላይ ለሙቀት ይሠራል።

ግድግዳ፣ ወለልና አልጋ

እዚህ ብዙ አንቆይም። ዋናው ነገር እርጥበቱን ማራቅ ነው። እርጥብ ግድግዳ ከደረቅ ግድግዳ ይልቅ ሙቀት ያስወጣል፤ በቀዳዳዎቹ የነበረው አየር ወጥቶ ውሃ ስለሚገባበት ነው። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ክንድ ያህል ወጣ ብሎ ዝናቡን ይከላከል። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር። የግድግዳው ሥር በድንጋይ ቢነሣ ጭቃው ውሃ አይስብም።

አልጋው ላይ የምንሳሳተው ደግሞ አለ። ጋቢና ብርድ ልብስ ከላይ እንደራርባለን። ከታች ግን ጠፍሩ ባዶ ነው፤ ነፋስ ከሥር ይገባል። ከላይ ሁለት ከመደረብ አንዱን ከታች ማድረግ ይሻላል። የደረቀ የኮባ ምንጣፍ፣ አጎዛ፣ በደረቅ ሣር የተሞላ ፍራሽ ሁሉ ይሆናል። ሣሩን በየጊዜው በፀሐይ ያስጡት፤ የረጠበ ፍራሽ ከምንም አይሻልም። አልጋውም ከግድግዳው ጥቂት ይራቅ።

ከብት ከሰው ጋር ማሳደርስ? ከብቱ ሙቀት እንደሚሰጥ እውነት ነው። ግን ቁንጫውም፣ ሽንቱም፣ በሽታውም አብሮ ነው። በግድግዳ ይለዩት። ከግድግዳው ወዲያ ያለ ከብት ያንን ግድግዳ ያሞቅልዎታል፤ የሚፈለገውም ይህ ነው።

ሙቀቱ ይግባ፣ ጭሱ ይውጣ

ይህን ክፍል ጮክ ብለው ለቤተሰቡ ሁሉ ያንብቡልን።

ቤቱን ደፍነን፣ ውስጡ ጉልቻ ላይ እሳት ካነደድን፣ ብርዱን አስወጥተን ሞትን አስገባን ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል። ከእነዚህ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ጭሱ ዓይን ማስለቀሱን ብቻ ነው የምናውቀው። ሳንባ ውስጥ የሚሠራውን አናየውም። ሳንባ ምች በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው ነው። ጭስ ላይ እናቷ አዝላት የምትውል ልጅ ከሁሉም በላይ ትጎዳለች።

የድሮው የሣር ቤት ጭሱን በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ያስወጣው ነበር። ያም ቢሆን በቂ አልነበረም። የቆርቆሮ ቤት ግን ይህም የለውም። ስለዚህ ማብሰያው ከመኝታው ይለይ። የሚቻል ከሆነ ማድ ቤት ለብቻው ይሠራ። ካልተቻለ በሁለቱ መካከል እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ ግድግዳ ይቁም፤ በማብሰያው በኩል ኮርኒስ አይደረግ፤ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ዝናብ የማያስገባ የጭስ መውጫ ይበጅለት። ምድጃውን በመካከለኛው ግድግዳ ሥር ቢያደርጉት፣ ጭቃው ማታ የተነደደውን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ለመኝታው ክፍል ይሰጣል። ሙቀቱ በግድግዳው አልፎ ይመጣል፤ ጭሱ በጣሪያው ይሄዳል።

ከጭስ የባሰ ሌላ አለ። ከሰል! ከሰል ጭስ የለውም፤ ስለዚህ ሰው ያምነዋል። በማንደጃ አቀጣጥሎ መኝታ ክፍል ያስገባውና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ከሰል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ደም ውስጥ ገብቶ የንጹሑን አየር ቦታ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያጥወለውለዋል፣ ይደክመዋል። ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። አይነሣም። ነቀዝ የማይገባው፣ ነፋስ የማይገባው ጥሩ ቤት በሠሩ ቁጥር ይህ አደጋ ይብሳል። ፍሙ "ጠፍቷል" ቢባልም፣ አመድ ለብሶ ውስጡ ሊነድ ይችላል። ማንደጃው ከደጅ ይደር። ከእንቅልፉ ሲነሣ ራሱን የሚያመውና የሚያጥወለውለው ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ወደ ደጅ፣ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

አራስ ቤት ላይ ይህ ነገር ከሁሉም ይጠነክራል። ገና የተወለደ ሕፃን ሰውነቱን እንደ ትልቅ ሰው ማሞቅ አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ እንዲሞቅ ይመክራል። ማሻ ላይ በሐምሌ ሌሊት 25 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከሰል የሚያስገባው ለዚሁ ለአራሷ ብሎ ነው። ከሰሉ ይቅር። ሕፃኑ ተወልዶ ወዲያው ይደረቅ፤ ሳይታጠብ ራቁቱን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ይሁን፤ ራሱ በቆብ ይሸፈን፤ ከላያቸው ጋቢ ይደረብ። ገላውን ማጠቡ ለማግሥቱ ይደርሳል። የእናት ገላ 37 ዲግሪ ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ። ኮርኒሱ ደግሞ ከወሊዱ በፊት ይድረስ። ምራትዎ ወይም ሚስትዎ በመጋቢት የምትወልድ ከሆነ፣ ቀርከሃው በኅዳር መቆረጥ አለበት።

ሥራው ሲያልቅ በዓይን አይመኑ። ሰማዩ የጠራበትን አንድ የጥር ሌሊት ይጠብቁ። ጎህ ሲቀድ፣ እሳት ሳይነድ በፊት፣ እጅዎን በኮርኒሱ ሥር ይለፉት። ደረቅ ከሆነና እጅዎን ካልቀዘቀዘው ሠርቷል። እርጥብ ከሆነ ወይ አንድ ቦታ ክፍተት ቀርቷል፣ ወይ ከኮርኒሱ በላይ ያሉት መተንፈሻዎች ተደፍነዋል። የሚጨሰውን እንጨት እንደገና ይያዙና ጥጋ ጥጉን ይዙሩ። ከዚያም አሮጊቷን ይጥሩና ያሳድሯቸው። ጠዋት ጋቢያቸውን ይዳስሱ።